ሦስቱን የሰማ

አሶሳ ገበያ ገብታችሁ የዓዲላን ሱቅ ብትጠይቁ፣ የትኛዋን ዓዲላ ይሏችኋል። «ርችት ዓዲላ» ካላችሁ ግን ትንሹም ትልቁም መንገዱን ያሳያችኋል። ሴትዮዋ ግን ርችት የሚባል ነገር ከሸጠች ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ሱቋ ውስጥ ያለው ሻሽ፣ ሂና፣ ሽቶና የልጆች መጫወቻ ነው። ስም አንዴ ከተለጠፈ መች ይላቀቃል። በዚያ ስም ሲጠሯት ቶሎ አትዞርም፤ ጥቂት ቆይታ ነው አቤት የምትለው። ለምን እንደምትቆይ ልንገራችሁ።

ዓዲላ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ መንጌ ተወልዳ አሶሳ አደገች። አባቷ አብዱልረሂም በአህያ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ ጨው፣ ሳሙናና ጨርቅ እያመጣ የሚነግድ ሰው ነበር። እሷ የሰባት ወይ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ለዒድ ሲመለስ ዶሮ የተሳለበት ቀይ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ በቀይ ወረቀት የተጠቀለሉ፣ ጣት የሚያህሉ፣ ጫፋቸው ላይ ክር የወጣላቸው ነገሮች ተደርድረዋል። አንዱን ከግቢው ማንጎ ሥር አቁሞ ክብሪት ሲለኩስበት ጎረቤቱ በሙሉ በደረቱ መሬት ላይ ተለጠፈ። አብዱልረሂም ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ጥይት አይደለም፣ ወረቀት ነው፣ ተነሡ አላቸው። የተነሡትም ትንሽ ተቆጡና፣ እስቲ ድገመው አሉ።

ያ ወረቀት የሰፈሩን ትልቅ ችግር ሊፈታ እንደመጣ ያን ቀን ማንም አላወቀም። በዚያ ሰፈር ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ሦስት ጥይት ይተኮስ ነበር። ተኩሱ ለጌጥ አይደለም። ኒካሑን፣ የጋብቻውን ውል፣ የሚያዩት አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱን ድምፅ የሰማ ሁሉ ግን፣ እርሻ ላይ ያለውም፣ ወርቅ ሲያጥብ ወንዝ ዳር የዋለውም፣ የጋብቻው ምስክር ነው። ነገ ባልየው ክዶ «መቼ አገባኋት» ቢል አገሩ ሁሉ ሰምቻለሁ ይለዋል። ሦስቱን የሰማ ምስክር ነው ይባል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ክርክር የለም።

ታዲያ አንድ ዓመት ሦስተኛው ጥይት ዝቅ ብሎ የሙሽራዋን አጎት ገደለ። ሠርጉ ለቅሶ ሆነ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ አንዱ ተኩሱ ይቅር፣ ሌላው የአባቶች ወግ አይቀርም እያሉ ሲጨቃጨቁ አብዱልረሂም ያን ቀይ ካርቶን አምጥቶ መሃላቸው አስቀመጠ። ድምፁ ይኑር፣ ብረቱ ይቅር አለ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰፈር ሙሽራ የሚያስወጣው ርችት ሆነ፤ ለኳሹም አብዱልረሂም። እንግዲህ ርችት ዛሬ ስሙ ቢከፋም ወደዚያ ሰፈር የገባው ደም አቁሞ ነው፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

አባቷ ሲያረጅ ክብሪቱ ወደ ዓዲላ ዞረ። ባሏ ቀድሟት ሞቶ ስለነበር አንድ ልጇን ሪምን ይዛ ገበያ ላይ ሱቅ ከፈተች። ለዒድ ርችት የሚፈልግ ወደ እሷ ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ክርስቲያኖችም ለቡሄና ለእንቁጣጣሽ ከእሷ ይገዛሉ፤ ከዚያ የተረፈውን በቆሎ ሲያሽት ዝንጀሮ ያባርሩበታል። ከእነሱ ውስጥ የወርቅውሃ የምትባል፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ነበረች። ዓዲላ አማርኛዋ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርገዋል፤ የወርቅውሃ ሱቁ በር ላይ ስትደርስ «ግባ፣ የወርቅ» ትላታለች። የወርቅውሃም ባሌን ነው እኔን የጠራሽው ትልና ገብታ እስክትጠግብ ታወራለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሃያ ዓመት ሞላቸው።

ክልከላው አንድ ቀን ዱብ ያለ ነገር አይደለም፤ ቀስ እያለ ነው የመጣው። መጀመሪያ የአንድ ልጅ ጣት ተቃጠለና ለልጆች እንዳትሸጡ ተባለ። ቀጥሎ ፈቃድ አውጡ፤ ቀጥሎ በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ብቻ ሽጡ። ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። መተከል ተቃጠለ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ተፈናቃዩ ወደ አሶሳ ጎረፈ። አንድ ቀን ገበያ መሃል የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ ከመተከል የመጣች አንዲት እናት ልጇን ሥሯ አድርጋ ቲማቲም መደብ ላይ ወደቀች። ዓዲላ ናት ሮጣ ያነሣቻት። በሳምንቱ ርችት መሸጥም፣ መያዝም፣ መተኮስም ክልክል ነው የሚል ትእዛዝ ሲወጣ ዓዲላ አላጉረመረመችም። የሴትዮዋ መንቀጥቀጥ ገና ከክንዷ አልወጣም ነበር። ያላትን ካርቶን ሁሉ አስረከበች፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጣት።

ሦስት ብቻ አስቀረች።

ለንግድ አይደለም። አባቷ ሊሞት ሲል እጇን ይዞ፣ የሪምን አንቺ ለኩሺ ብሏት ነበር፤ እሺ ብላዋለች። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ? ተረቱን ቆም ብሎ ላሰበው ክፉ ተረት ነው፤ ግን ሰው በእሱ ይኖራል። የሰፈሩን ሴት ልጅ ሁሉ አስመስክሬ የራሴን እንደተሰረቀ ዕቃ በዝምታ ላውጣት ወይ እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ከረመች። ሦስቱን ርችቶች ደረቅ ቅል ውስጥ ከትታ፣ ቅሉን በማሽላው ጎተራ ውስጥ ቀበረችው።

ያልሰማችው አንድ ነገር ነበር። በዚያ ሰሞን የየሰፈሩ ጥበቃዎች መመሪያ ተሰጥቷቸዋል፦ ሦስት ተከታታይ ተኩስ የሰማ፣ የእርዳታ ጥሪ ነውና ወደ ድምፁ ይሩጥ። ይህ ለጥበቃዎቹ ብቻ የተነገረ ነው። ከእነሱ አንዱ የወርቅውሃ ባል፣ በቃሉ ነበር። ዕድሜው ስድሳ የተጠጋ፣ ቃል የሚቆጥብ፣ የሰፈሩን የውኃ ታንከር በአሮጌ ጠመንጃ የሚጠብቅ ሰው ነው።

የሪም ሠርግ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሆነ። ሙሽራው ኦመር ይባላል፤ ከጎረቤት መንደር ነው። የእሱ ታላቅ ወንድም ዋሊድ ልብስ ሰፊ ነው፤ በሠርግ ቀን ደግሞ ከቅል የሚሠራውን ያን ረዥም መለከት፣ ዙምባራውን፣ ይነፋል። ከበሮው ይመታል፣ ዙምባራው ያጓራል፣ ግቢው አቧራ በአቧራ ሆኗል። ሪም መኪና ውስጥ ስትገባ ዓዲላ ሹልክ ብላ ከቤቱ ጀርባ ወደ ማንጎዎቹ ሄደች። ክብሪት ጫረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አባዬ፣ ይኸው አለችና ወደ ሠርገኛው ተመለሰች።

በቃሉ፣ ርችት ተከልክሏልና ይህ ተኩስ ነው ብሎ ከታንከሩ ሥር ተነሥቶ ሮጠ። ማንጎዎቹ ጋ ሲደርስ ጭስ አየ። ከጭሱ አጠገብ ደግሞ አንድ ጎልማሳ ረዥም ነገር በብብቱ ይዞ ወደ መንገዱ ይሮጣል። ቁም አለው፤ ሁለቴ አለው። ከበሮው አላሰማም። በቃሉ አንዲት ጥይት ተኮሰ። የወደቀው ዋሊድ ነበር፤ የያዘው ዙምባራውን ነበር። ጥይቷ ቀኝ ክንዱን ከክርኑ በላይ ሰብራ አለፈች። በቃሉ ያደረገውን ሲያይ ጠመንጃውን መሬት ላይ አኑሮ፣ የአንገቱን ሻሽ ፈትቶ የዋሊድን ክንድ አሠረ፤ ፖሊስ እስኪመጣም ከአጠገቡ አልተነሣም።

ፖሊሶቹ ሲመጡ በቃሉ ሦስት ተኩስ ሰምቼ ነው የመጣሁት አለ። አዛዡ ወደ ሠርገኛው ዞሮ ማን ተኮሰ፣ ማን ሰማ ብሎ ጠየቀ። ይህን ጊዜ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ዓዲላ ሄደ። እንዴት አይሄድ? የሰፈሩ ሰው እኮ ሦስቱን ለይቶ ያውቃል። ዓዲላ የዋሊድን ደም አየች፤ የኦመርን እናት አየች። እኔ ነኝ ብል ልጄ ዛሬ ከገባችበት ቤት ዛሬውኑ ትወጣለች ብላ አሰበች። አፏም ቀደማት።

«ከበሮ ነው» አለች። «ሌላ የለም።»

ከእሷ ቀጥሎ ያለውም ከበሮ አለ። የሚቀጥለውም። ዋሊድ ራሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሲጠየቅ፣ መለከት ስነፋ ስለነበር ምንም አልሰማሁም ብሎ ቃሉን ሰጠ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ጎመን በጤና ብሎ ዘጋ። ያስቀረችውን ያወቀ ሰው ባይኖርም፣ ድምፁን የሰማ ጆሮ ግን ብዙ ነበር።

በቃሉ ታሰረ። ነገሩ በዚያ ቢቆም ጥሩ ነበር፤ አልቆመም። ማንም ያልሰማውን ተኩስ ሰማሁ የሚል ሰው ወይ አብዷል ወይ ቂም ይዟል ተባለ። ሁለተኛው በለጠ። ሰፋሪው የበርታን ሠርግ ሊያጠፋ በጥላቻ ተኮሰ የሚል ወሬ ከሰፈር ሰፈር ዞረ። በሰፋሪዎቹ መንደርም ሰውየውን በሐሰት አሳሰሩብን የሚል ወሬ ተነሣ። ሠላሳ ዓመት አብሮ የገበየ ሕዝብ መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላምታ ያጥር ጀመር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር በምን እንደሚያልቅ የማያውቅ የለም።

በአሥረኛው ቀን የወርቅውሃ ወደ ሱቁ መጣች። ዓዲላ እንደ ልማዷ ግባ ልትላት አፏን ከፍታ ዘጋችው። የወርቅውሃ ራሷ ገባች፤ አልተቀመጠችም። ሰውዬዬ ውሸት አያውቅም፤ አብዶ ከሆነ ደግሞ ማበዱን ልወቀውና ላስታምመው አለች። ከዚያ ዓይኗን ተክላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት።

«ዓዲላዬ፣ ሰምተሻል?»

ዓዲላ አልሰማሁም አለች። የወርቅውሃ እሺ ብላ ወጣች። የማትስቅ የወርቅውሃ ስትሄድ ዓዲላ ከሱቁ በር ቆማ ከጀርባዋ አየቻት፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን ምድር ብትከፈት ትገባ ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አድርጋዋለች፤ የለከከችውም ሃያ ዓመት ባወራቻት ሴት ቤት ላይ ነው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሪም እናቷን ልትጠይቅ መጣች። ዋሊድ ከሆስፒታል ወጥቷል፤ ጣቶቹ ግን አይታዘዙትም፤ መቀስ መያዝ አልቻለም። ሪም ይህን ነገረቻትና፣ ከበሮው ስለበዛ የራሴን ሦስት ድምፅ አልሰማሁም አለች። ለኩሰሽልኝ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። ዓዲላ ለልጇ መዋሸት አቃታት፤ አዎ አለች።

«ታዲያ ሰው ሁሉ አልሰማሁም ካለ፣» አለች ሪም፣ «እኔ ተድሬአለሁ?»

ይህን ስትል ቁጣ አልነበረባትም፤ የምር ነው የጠየቀችው። ዓዲላ ልጇ ስትሄድ ከማንጎው ሥር ሄዳ ተንበረከከች። በዚያ ሰሞን ዝናብ አልዘነበም፤ የቀይ ወረቀቱ ቁራጭ ቅጠሉ መሃል ተበትኖ ነበር። አንድ በአንድ ለቀመችው። በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ያዘችው።

ነገሩ እንዳይባባስ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች በማግስቱ ጠዋት እንዲቀመጡ ተባለ። የተቀመጡት ትልቁ ማንጎ ሥር ነው፤ ሰብሳቢው ሼህ ጁምዓ። ከሰፋሪዎቹ መንደር አራት ሽማግሌዎች መጡ፤ የወርቅውሃ ከሴቶቹ ኋላ ቆመች። የኦመር ቤተሰብ ከፊት ተቀምጧል፤ ዋሊድ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። በቃሉን ሁለት ፖሊሶች ይዘውት መጡ። ከስቷል፤ ጢሙ ሸብቷል። ሼህ ጁምዓ ያየኸውንና የሰማኸውን በአላህ ፊት ተናገር አሉት።

በቃሉ ሰውን ማቁሰሉን አልካደም። ዋሊድን ዓይን ለዓይን እያየ፣ እጄ ይሰበር፣ ልጄን ያቆሰልኩ ያህል ነው አለው። ቀጥሎ ግን ድምፁ ጠነከረ።

«ሦስት ሰማሁ። እብድ ካላችሁኝ እብድ ልሁን። ሦስት ግን ሰማሁ።»

ሼህ ጁምዓ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ከመካከላችሁ የሰማ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ዓዲላ ቀና ብላ የተቀመጠውን ሰው ስታይ፣ ከርችቱ ድምፅ ጋር ከአባታቸው ቤት ያስወጣቻቸው ሴቶች ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል። እነሱ የደፉት ለእሷ ብለው ነው። ያን ስታይ ተነሣች።

መሃል ገብታ ሻሿን ከትከሻዋ አውርዳ ቋጠሮውን ፈታች። ቀዩ ወረቀት መሬት ላይ ፈሰሰ።

«እኔ ነኝ የለኮስኩ» አለች። «መንግሥት ከለከለ፤ እኔ ደበቅኩ። አባቴ ጥይት ሰው ገደለ ብሎ ይሄን አመጣ። እኔ በዚህ ሰው አስመታሁ። ደግሞ ዋሸሁ። እናንተ ለእኔ ብላችሁ ዋሻችሁ።» እንባዋን በእጇ ጠረገች። «ሦስቱን የሰማ ምስክር ነው እንል ነበር። ልጄን ስድር የመሰከረላት ሰው አንድ ነው። እሱን አሰርነው።»

የኦመር እናት ፊቷን ሸፈነች። ዓዲላ ወደ እሷ ማየት አልደፈረችም፤ የልጄ ትዳር አለቀ ብላ መሬቱን እያየች ቆመች። ይህን ጊዜ ከፊት ወንበር ሰው ሲነሣ ሰማች። ዋሊድ ነበር።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ። «ያን ቀን የምሮጠው፣ ሦስተኛው ደረሰ፣ ሙሽራዋን ይዘህ ሂድ ብዬ ለኦመር ልነግር ነው። ሆስፒታል አልሰማሁም ያልኩት ለሪም ብዬ ነው።»

ዓዲላ ያን ስትሰማ ወረቀቱ አጠገብ ተቀመጠች። እሷ ለዚያ ልጅ ክንድ ስታለቅስ ከርማለች፤ እሱ ደግሞ በዚያው ክንዱ ገመናዋን ሸፍኖ ከርሟል። ከዋሊድ ኋላ አንዲት ሴት ተነሥታ ሰምቻለሁ አለች፤ ሌላዋም፤ ከዚያ ወንዶቹ። በመጨረሻ ሼህ ጁምዓ ራሳቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ። እኔም ሰምቼ ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ አሉ። ሽማግሌ እንዲህ ሲል ማየት ቀላል አይደለም።

በቃሉ ከጥላቻው ክስ ነፃ ወጣ፤ ስለ ክንዱ ግን ሽማግሌዎቹ ከዋሊድ ጋር በካሳ አስታረቁት፣ ጠመንጃ ዳግመኛ አልያዘም። ዋሊድ በግራ እጁ መቁረጥ ለመማር ሁለት ዓመት ፈጀበት። ዓዲላ ታሰረች፤ በስተኋላም የንግድ ፈቃዷ ለአንድ ዓመት ተያዘ። የተባለውን ሁሉ ያለ ክርክር ተቀበለች። በዚያ ሰፈር ዛሬ ሙሽራ የሚያስወጣው በከበሮ የሚመታ ሦስት ምት ነው፤ ከዚያ በፊት የቀረው ጨዋታ ሁሉ ዝም ይላል። ርችት ዓዲላ ብለው ሲጠሯት የምትቆየውም ለዚህ ነው፤ ስሙን እንደ ቅጣት ተሸክማዋለች።

ያን ቀን ማንጎው ሥር፣ ፖሊሶቹ በቃሉን ለቀው ወደ ዓዲላ ሲዞሩ፣ የወርቅውሃ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ ከአጠገቧ ቆመች፤ የዓዲላን ሻሽ ከመሬት አንሥታ አቧራውን አራግፋ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። በቃሉ እጁን እያሻሸ መጥቶ ከዓዲላ ፊት ቆመ። ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ አማርኛው ጠፋባት። እሱ ቀደማት።

«ሪም ተድራለች» አላት። «እኔ ሰምቻለሁ።»